600 ሰዓትና አንድ ቁልፍ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የሚኖር፣ ሳይኮሎጂ የጨረሰ ወጣት አሜሪካ ላለ ዘመዱ ደውሎ "የትምህርት ቤት ካውንስለር፣ የተማሪዎች አማካሪ፣ ልሁን ብል እዚህ ይሻለኛል ወይስ እናንተ ጋ?" ቢል እኛ ዲያስፖራዎች መልስ አናጣም። መልሳችን ግን ሁልጊዜ ስለ ቪዛ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ብርዱ ነው። ሁለቱ አገሮች ሙያውን እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ ተመርቆ ሲቀጠርም ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደሚያስቀምጡት የሚነግረው የለም። ዋናው ልዩነት ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። አገር ቤት መጽሐፉም ንድፈ ሐሳቡም አለ። የጎደለው ሠልጣኙ ከልጅ ጋር ተቀምጦ ያወራውን ሰምቶ የሚያርመው ሰውና የሚቆለፍ በር ነው። አሜሪካ ሁለቱንም አላት፤ ያላትን ስታባክነውም ትታያለች።

ከአሜሪካ እንጀምር። በአብዛኛው ክፍለ ግዛት የትምህርት ቤት ካውንስለር ለመሆን ማስተርስ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ዲግሪ የግድ ሳይኮሎጂ ይሁን አይባልም፤ አካውንቲንግ ያጠናም ይገባል። ካክሬፕ የሚባለው የካውንስሊንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ የሚጠይቀው 60 ክሬዲት ነው፤ በሙሉ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት፣ እየሠሩ ለሚማሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ኮርሶቹ ለአገር ቤት ተመራቂ እንግዳ አይሆኑበትም፦ የሰው ልጅ ዕድገት፣ የምክር ንድፈ ሐሳቦች፣ የቡድን ምክር፣ የሙያ መረጣ፣ ምዘና፣ ምርምር፣ የሙያ ሥነ ምግባር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ የተማረ ሰው አብዛኛውን ርዕስ ያውቀዋል።

መንገዱ የሚለያየው ልምምዱ ላይ ነው። መጀመሪያ ፕራክቲከም የሚባል 100 ሰዓት አለ፤ ቢያንስ 40ው ፊት ለፊት ከተማሪ ጋር መሆን አለበት። ቀጥሎ ኢንተርንሺፕ ይመጣል፤ 600 ሰዓት፣ ከዚህ ውስጥ 240ው ፊት ለፊት። በነዚህ ወራት ሁሉ ሠልጣኙ በሳምንት በአማካይ አንድ ሰዓት ለብቻው ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በቡድን ከሱፐርቫይዘር ጋር ይቀመጣል። አገር ቤት ሱፐርቫይዘር ሲባል የሚታየን ቼክሊስት ይዞ የሚመጣው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው ነው። ይህኛው ራሱ ዓመታት በካውንስለርነት የሠራ፣ የሠልጣኙን ንግግር ሰምቶ ቃል በቃል የሚያርም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወላጅም ተማሪም ከፈቀዱ በኋላ ውይይቱ በድምፅ ይቀዳል። ሠልጣኙ ከቅጂው 10 ወይም 15 ደቂቃ መርጦ እንደተነገረ ይጽፈዋል። ገጹን በአራት ዓምድ ይከፍለዋል፦ ተማሪው ያለው፣ ሠልጣኙ የመለሰው፣ የተጠቀመበት ዘዴ፣ ምን ቢል ይሻል እንደነበር። ይህን በአማርኛ እንሞክረው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ ማትስ ሲባል ራሴን ያመኛል" ትላለች። ሠልጣኙ "ታዲያ ለምን አታጠኚም?" ይላታል። ሱፐርቫይዘሩ ቅጂውን እዚህ ላይ ያቆማል። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ተግሣጽ ነው፤ ልጅቷ ከዚህ በኋላ "እሺ አጠናለሁ" ከማለት ሌላ መንገድ የላትም። ሠልጣኙ አራተኛው ዓምድ ላይ "ራስሽን የሚያምሽ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ቤት ደብተሩን ስትከፍቺ?" ብሎ ይጽፋል። ለዚህ መልሷ "ቲቸሩ ሰሌዳ ላይ ሲያወጣኝ" ከሆነ ጉዳዩ ከሒሳብ ወጥቶ ሰው ፊት መቆም ሆነ ማለት ነው፤ የሚደረገውም እርዳታ አብሮ ይቀየራል። እንዲህ ያለውን ስህተት አንብቦ የሚተወው ሰው ጥቂት ነው። በገዛ ድምፁ ሲሰማው ግን ያፍርበታል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቅጂ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ምክር ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ እየሰማን ያደግን ስለሆንን የእኛ ሠልጣኝ ከፈረንጁ ይልቅ ይህ ልምምድ ያስፈልገዋል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። 600ው ሰዓት በሁለት ሴሚስተር፣ ማለትም በ30 ሳምንት ግድም ሲካፈል በሳምንት 20 ሰዓት ይመጣል። የሚሞላውም ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት፣ በቀን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ክፍያ የለውም። ማታ ፓርኪንግ ወይም ታክሲ የሚሠራ ሰው ተጨናንቆም ቢሆን ይወጣዋል። የቀን ሥራ ያለው ሥራውን ይለቃል ወይም ትምህርቱን ያቋርጣል። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ኢንተርንሺፑ ደጃፍ ላይ የደረሰ አበሻ የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚያ 30 ሳምንታት የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል የሚለው ከትምህርት ክፍያው እኩል፣ ከመመዝገብ በፊት መታሰብ አለበት።

ሌሎቹ መሰናክሎች የወረቀት ናቸው፤ ግን ሰው ይጥላሉ። አንደኛው ፕሮግራም ተሳስቶ መግባት ነው። "ክሊኒካል ሜንታል ኸልዝ ካውንስሊንግ" የሚለውና "ስኩል ካውንስሊንግ" የሚለው ብዙ ኮርስ ይጋራሉ፤ ፈቃዳቸው ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የተመረቀ ሰው ትምህርት ቤት ለመግባት ተጨማሪ ኮርስና ልምምድ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው የኦንላይን ትምህርት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለሆነ ቴክሳስ ላይ የጸደቀ ፕሮግራም ሜሪላንድ ላይ ላያሠራ ይችላል፤ ሊሠሩበት ያሰቡትን ክፍለ ግዛት የትምህርት ቢሮ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ያለ ክፍያም ቢሆን ኢንተርንሺፕ ከመጀመሩ በፊት ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሲፒቲ የሚባለውን የሥራ ልምምድ ፈቃድ ያስጨርስ። ከአገር ቤት የሚመጣው ትራንስክሪፕት ደግሞ ከሬጅስትራር በቀጥታ፣ ታሽጎ እንዲላክ ይፈለጋል፤ የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልጨረሰ እዚህ ላይ ይያዛል። በድሮው የሦስት ዓመት ዲግሪ የተመረቁትን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ "አንድ ዓመት ይጎድላችኋል" ስለሚላቸው ኮርስ በኮርስ የተሠራ የአቻ ግምገማ ይዘው ቢቀርቡ ይሻላቸዋል። አሻራና የወንጀል ማጣሪያውስ የማይቀር ነው፤ ያለ እሱ ከልጅ ጋር የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት የለም። ይህን አንዱን ብቻ አገር ቤት ብንወስደው ጥሩ ነበር።

የአገር ቤቱ መንገድ አጭር ይመስላል። ተማሪው ፍሬሽማን ላይ ጀነራል ሳይኮሎጂን ከሁሉም ጋር ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት ይመርጣል፤ በአራተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ አምጥቶ ያልፋል። ማስተርስ የፈለገ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ተፈትኖ ይቀጥላል። ትምህርት ቤቱ ግን ማስተርሱን አይጠብቅም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀውን ልጅ "ጋይዳንስ" ብሎ፣ ማለትም በካውንስለርነት፣ ይቀጥረዋል። ያ ልጅ ፍሮይድንም ሮጀርስንም ፒያዤንም ያውቃል። የ15 ዓመት ልጅ ፊቱ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላሳየውም። ማስተርስም ቢገባ ጉልበቱን የሚጨርሰው መጠይቅ በትኖ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ፣ ሰንጠረዥ ሲያወጣ ነው። አማካሪ መምህር ከተስማማ ለርዕስ መረጣ የሚጠቅም ሐሳብ አለ፦ ስምንት ተማሪዎችን ይዞ በሳምንት አንዴ ለ40 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት የቡድን ምክር ሰጥቶ በፊትና በኋላ መለካት። ጽሑፉም ይወጣል፣ ልምምዱም ይገኛል። ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ በታክሲ እየተመላለሰ ለሚማር ሰው ደግሞ ጥናቱ ሰፈሩ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ መሆኑ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

ተቀጥሮ ሲገባ የሚሰጠው ክፍል ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዳር ላይ ያሉት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ አዳዲስ ሕንፃ ናቸው፤ ክፍል የለም አይባልም። ግን "ጋይዳንስ" ተብሎ በሩ ላይ የተጻፈበት ክፍል ውስጥ የሚኒ ሚዲያው ስፒከር፣ የስፖርት ኳሶች፣ ያልተከፋፈሉ መጻሕፍትና የአንድ ዩኒት ሊደር ጠረጴዛ አብረው ይኖራሉ። መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ አለ። ልጅቷ አፏን ስትከፍት አንዱ ኳስ ሊወስድ ይገባል፣ ትዘጋዋለች፣ ሁለተኛ አትመጣም። ካውንስለሩም "የእኛ ልጆች አያወሩም" ብሎ ይደመድማል።

ለማስተካከል የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ብቻ ይሁን፤ መለዋወጫው ታሽጎ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ወንበር በማዕዘን ይቀመጥ እንጂ በጠረጴዛ ግራና ቀኝ አይሁን። ልጁ መሬት መሬት የሚያይ ከሆነ ካውንስለሩ ይተወው፤ አሜሪካ የሠለጠነ ሰው ይህን መሸሽ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ እኛ ጋ አክብሮት ነው። መስኮቱ ግማሽ ድረስ በመጋረጃ ይሸፈን፤ ሙሉ በሙሉ መድፈን አይመከርም፣ ለልጁም ለባለሙያውም ጥንቃቄ ሲባል ከውጭ ሰው መኖሩ መታየት አለበት። ሰዓት ከተማሪው ኋላ ይሰቀል፤ ካውንስለሩ ክንዱን እያየ ልጁን እንዳያስቸኩለው። ማስታወሻው የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ይመዝገብ፤ የቁጥሩና የስሙ ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ከክፍሉ ቀጥሎ አጠራሩ አለ። "አንተ፣ ጋይዳንስ ትፈለጋለህ!" ተብሎ 50 ተማሪ ፊት የተጠራ ልጅ ክፍሉን ለቆ ሳይወጣ ጥፋተኛ ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ወረቀት በመምህሩ በኩል በዝምታ ትደርሰዋለች። እኛ ጋ ከዚያም የሚቀል መንገድ አለ፤ ካውንስለሩ መስከረም ላይ በየክፍሉ ይግባ፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የትኛውን ነገር በምስጢር እንደሚይዝና የትኛውን እንደማይችል በ15 ደቂቃ ይንገር። መያዝ የማይችለው ሦስት ነው፦ ልጁ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ሰው እየጎዳው ከሆነ። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ቀኑ ሲመጣ ልጁ "ቃል ገብተህልኝ አልነበር?" ይላል፤ እውነትም አለው።

የሥራ ጫናውን በተመለከተ ሁለቱ አገሮች በአንድ በሽታ የተያዙ ናቸው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ ካውንስለር ይመክራል፤ እውነተኛው የአገሪቱ አማካይ ግን ከ350 በላይ ነው። ከሥራ ሰዓቱ 80 በመቶ ለተማሪ ይዋል ይላል፤ ካውንስለሩ ግን የክፍል ድልድል ሲሠራ፣ ፈተና ሲያስተባብር፣ ምሳ ቤት ቆሞ ተማሪ ሲጠብቅ ይውላል። አገር ቤት ደግሞ አርፋጅ መመዝገብ፣ ዩኒፎርም መቆጣጠር፣ የቀረ መምህር ክፍል መሸፈን፣ ሮስተር መሥራት። ከሁሉም የከፋው በር ላይ አርፋጅ ማንበርከክ ነው፤ ጠዋት ያንበረከከህ ሰው ጋ ከሰዓት ገብተህ ስለ ቤትህ አታወራም።

በስሌት እንየው። 2,500 ተማሪና አንድ ካውንስለር ያለው ትምህርት ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱን ልጅ ለ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ላናግር ቢል ከ830 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢሠራ ወደ 140 የትምህርት ቀን ነው። ሌላ ነገር ሳይነካ ዓመቱ አለቀ። ስለዚህ በር ዘግቶ አንድ በአንድ ማናገር የሥራው ጫፍ እንጂ መሠረቱ ሊሆን አይችልም። መሠረቱ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ነው፦ 50 ሴክሽን፣ በቀን ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ በ17 ቀን ሁሉም ይዳረሳል። መሐሉን የሚሞላው ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ የያዘ ቡድን ነው፤ 30 ልጅ ሰብስቦ "ግሩፕ ካውንስሊንግ" ማለት ስብሰባ ነው። አሜሪካኖቹ አለቃቸውን ለማሳመን የሚጠቀሙበት ዘዴ አገር ቤትም ይሠራል፤ ለአምስት የሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው የሠሩትን ደብተር ላይ ማስፈር፣ ከዚያ በመቶኛ አስልቶ ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ። "ሥራ በዛብኝ" የሚለው አቤቱታ ሰሚ አያገኝም። "ባለፈው ሳምንት ከሰዓቴ 62 በመቶው አርፋጅ ላይ ዋለ" የሚል ወረቀት ግን ቢያንስ ይነበባል።

ዳር ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት የራሱ ጉዳዮች አሉት። በኮሪደር ልማት ከመሀል ከተማ ተነሥተው የመጡ ልጆች አሉ፤ በዓመቱ አጋማሽ መሸኛና ሪፖርት ካርድ ይዘው ይገባሉ። መሸኛው ላይ ውጤት አለ፣ ልጁ በፊት ትምህርት ቤቱ ሲታገዝ የቆየበት ነገር ግን አንድ መስመር የለም። አሜሪካ ውስጥ የልጁ ማኅደር ተከትሎት ይሄዳል። እኛ ጋ ካውንስለሩ ለላኪው ትምህርት ቤት ካልደወለ ልጁ ከዜሮ ይጀምራል። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም የሄደበት የገበሬ ልጅም እዚያው ክፍል ውስጥ አለ። እናቱ ዓረብ አገር ሆና አያቱ የሚያሳድጉት አለ፤ ሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትማር አለች። አንዱ መንገድ ማዶ አዲስ አበባ፣ ሌላው ማዶ ሸገር ከተማ በሆነበት ቦታ አፋን ኦሮሞ ሳይችሉ ካውንስለር መሆን ግማሹን ተማሪ መተው ነው። ቋንቋው የጠፋበት ካውንስለር የልጁን ጓደኛ አስተርጓሚ ያደርጋል፤ ይህ ምስጢሩን አደባባይ ማውጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ለወላጅ በራሱ ወጪ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ ማድረግም አይገባም። ሥልጠና ለሚያስብ ወጣት ከሁለተኛው ሰርተፍኬት በፊት ሁለተኛው ቋንቋ ይቅደምለት።

ጥቃት የደረሰባት ልጅ ስትመጣ ለመከራከሪያ ጊዜ የለም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው በአምስት ቀን ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሱ በወረቀት ተጠቅልሎ (በፌስታል አይደለም፣ ይሻግታል) ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ። ካውንስለሩ ታሪኩን ደጋግሞ አያስነግራት፤ ምርመራው የእሱ ሥራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት ሪፖርት የማድረግ ግዴታው በሕግ የካውንስለሩ የግሉ ነው፤ "ለርዕሰ መምህሩ ነግሬያለሁ" ብሎ አያመልጥም። እኛ ጋ የሚመጣው ሽምግልና ነው። አጥፊው ብዙ ጊዜ የቤቱ እንጀራ አቅራቢ ወይም የቅርብ ዘመድ ይሆናል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትቀይራለች። ሽምግልና ለድንበርና ለትዳር ጠብ ያገለገለንን ያህል በልጅ መደፈር ላይ በድሎናል። ካውንስለር የሆነ ሰው እዚያ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ ዘዋራ አነጋገር አይጠቅምም። "ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙ ልጅ እንዲያውም ሰው ስለጠየቀው ይቀለዋል። ቀጥሎ በምን፣ መቼ የሚለውን መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ ወላጅ እስኪመጣ አብሮ መቀመጥ፤ ቤት ያለውን የአይጥ መርዝና ፀረ ተባይ ወላጁ እንዲያነሣ ማስደረግ። ሪፈራሉን የሚያበላሸው ትንሽ ነገር ነው፤ ቤተሰቡ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚታከም ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል። በቀጥታ አማኑኤል ሄዶ "ሪፈር አምጣ" ተብሎ የተመለሰ አባት ሁለተኛ ቀን ከሥራ ላይቀር ይችላል። አስቸኳይ የሆነ እንደሆነ ግን ወረቀት ሳይጠበቅ ይኬዳል።

የሙያ መረጣውን ሁለቱም አገር ወደ አንድ በር አጥብበውታል። ይህ ሙያ አሜሪካ ውስጥ የተነሣው በ1908 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ፓርሰንስ ቦስተን ላይ ለወጣቶች የሥራ ምክር ቢሮ ሲከፍት ነው፤ ሶቪየቶች ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ማምጠቃቸው ያስደነገጠው መንግሥት ደግሞ በ1958 ለካውንስለሮች ማሠልጠኛ በሕግ ገንዘብ መደበ። ዛሬ ግን ጊዜው የሚያልቀው በኮሌጅ ማመልከቻና በድጋፍ ደብዳቤ ነው። እኛ ጋ ስሌቱ ከዚያ የከፋ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። "የዩኒቨርሲቲ ምርጫ አሞላል" የሚል ገለጻ ብቻ የሚሰጥ ካውንስለር በነዚያ ዓመታት ከ20 ልጅ ለአንዱ ገደማ ነበር የሚናገረው። የተቀሩት ማወቅ የሚፈልጉት ሌላ ነው፦ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ማን ይገባል፣ በአቅራቢያው ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በየትኛው ደረጃ ይቀበላል፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) መቼ ይሰጣል፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ እየሠሩ ማታ መማር ይቻል እንደሆነ። ይህን መረጃ ካውንስለሩ በእግሩ ዞሮ፣ በየዓመቱ አድሶ፣ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። የዋሽንግተንና የሲልቨር ስፕሪንግ አበሻ ወላጅስ? እሱም ካውንስለር የደወለ እንደሆነ "ልጄ ምን አጠፋ?" ይላል፣ ከዚያ "ነርሲንግ ይሻለዋል" ይላል። ውቅያኖስ ተሻግረንም እዚያው ነን።

አገር ቤት የሚበልጥበት ነገር ግን አለ፤ ተምረው የሚወጡት ልጆች አያዩትም። የአሜሪካ ካውንስለር የልጁን ቤት ደጅ ሳያይ ዓመታት ይሠራል። የየካ አባዶው ካውንስለር ከፈለገ በእግሩ ብሎኩ ድረስ ይሄዳል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር በዓይኑ ያያል። ከምሳው ቀንሶ ለታናሹ የሚቋጥረውን ልጅ የትምህርት ቤቱ ምገባ እናቶች ያውቁታል፤ ከካውንስለሩ መጠይቅ በፊት እነሱን መጠየቅ ያዋጣል። የሆምሩም መምህር አለ፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱ አለ፣ የሰፈሩ ዕድር አለ። እነዚህን በስም፣ በስልክ ቁጥርና በሚረዱት ነገር መዝግቦ የያዘ ካውንስለር አሜሪካ ላይ በገንዘብ የማይገኝ ነገር ይዟል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ልጁ ሳይፈቅድ ቤቱ አይኬድም።

እኛ ዲያስፖራዎች ለዕረፍት ስንሄድ የምንሰጠው የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ቅሬታ አለኝ። ሆቴል አዳራሽ፣ ፓወርፖይንት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ። ሠልጣኙ ሰኞ ወደዚያው ኳስና ስፒከር ወዳለበት ክፍል ይመለሳል። ያው ገንዘብ ለስንት በር ቁልፍ፣ ለስንት ጥንድ ወንበር፣ ለስንት ሰው የዓመት ታክሲ ይበቃ ነበር። እውነተኛው እርዳታ ሰዓት መስጠት ነው። አራት አጎራባች ትምህርት ቤቶች ያሉ ካውንስለሮች ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ በአንዱ ክፍል ቢሰበሰቡ ዋሽንግተን ላይ በሞቃቱ ወራት ጠዋት 3 ሰዓት፣ በብርዱ ወራት ጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል፤ ፈቃድ ያለው አበሻ ካውንስለር ቁርሱን ሳይበላ በስልክ መግባት ይችላል። አንዱ ጉዳዩን በ10 ደቂቃ ያቀርባል፤ ሌሎቹ ለ20 ደቂቃ ይጠይቃሉ፣ በዚህ ጊዜ ምክር መስጠት ክልክል ነው። በቀጣዩ 20 ደቂቃ እያንዳንዱ አንድ ሐሳብ ይሰጣል፤ አቅራቢው ሳያቋርጥ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያደርገውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። የልጁ ስም፣ ክፍሉና ሰፈሩ አይነሣም። ድምፅም ሆነ ጽሑፍ በቴሌግራም አይላክም፤ ወረቀቱን ያመጣው ሰው ይዞት ይመለሳል።